ጾምና ሕሙም በጎንደር ታሪክ

ጾም ለነፍስ ጥቅም እንደ ተሠራ በኢትዮጵያ የማያውቅ የለም። ለሥጋ ደዌ መድኃኒት ይሆን እንደ ሆነ ግን በዚህ ዘመን ብዙ ሰዎች ይጠይቃሉ። የጥያቄው መነሻ ከባሕር ማዶ ነው። በአሜሪካና በጀርመን አገር ያሉ ሊቃውንት መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለውን የነርቭ ደዌ ጾም ይረዳው እንደ ሆነ መመርመር ጀምረዋል፤ የምርመራቸውም ወሬ ከጽሑፋቸው ቀድሞ በብዙ አገር ተሰምቷል። ወሬ ደግሞ በመንገዱ እየወፈረ የሚሄድ ነውና፣ መጀመሪያ «ይረዳ ይሆናል» የተባለው ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ይፈውሳል» ሆኖ ይደርሳል።

እንዲህ ያለው ወሬ ጾም ባልተለመደበት አገር ቢሰማ ጥቂት ሰዎች ሞክረው ይተዉታል። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ፣ ካህናትና መነኮሳትም እስከ 250 ቀን በሚጾሙበት አገር ግን ነገሩ ወደ ልብ ጠልቆ ይገባል። ሕሙሙ ጾምን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ይወድደዋል፤ ገንዘብም አያስወጣውም። «እንግዲያስ የሐኪሙን መድኃኒት ትቼ በጾሜ ልጽና» ቢል የሚመልስለትን ቃል አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህንንም ቃል ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የጎንደር ከተማና የአካባቢዋ ደጋ ታሪክ ስለ ጾምና ስለ ሕሙማን የሚመሰክረው ብዙ ነገር አለው።

ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማይቱ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የመጻሕፍት መምህራንም መሰብሰቢያ ሆነች። በመምህራኑ ጉባኤ ከሚተረጐሙት መጻሕፍት አንዱ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ኢብን አል ዐሳል በሚባል ሊቅ በዐረብ ቋንቋ ተሰብስቦ፣ ኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ ለነገሥታቱ ፍርድና ለካህናቱ ሥርዓት መሠረት ሆኖ ኖረ። አንቀጽ 15 ስለ ጾም ይናገራል። የጾም ምክንያቱ የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ ፈቃድ ማስገዛት እንደ ሆነ ያስረዳል እንጂ፣ ጾምን እንደ ሥርና እንደ ቅጠል ለድውይ መድኃኒት አድርጎ አያዝም። ይልቁንም ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ካህን ከሹመቱ የሚሽረው ጥብቅ የሐዋርያት ቀኖና እንኳ፣ የሥጋ ድካም የያዘውን ሰው ለይቶ ከፍርዱ ያወጣዋል። እንግዲህ በሕጉ ዘንድ ጾም የጤነኛው ግዴታ ነው፤ ደዌ ያለበት ሰው ግን እስኪጠና ድረስ ከግዴታው ነፃ ነው።

ሕጉ እንዲህ ቢሆንም ልማዱ ከሕጉ ይልቅ የጠበቀ ሆኖ ይገኛል። በሁዳዴ በአልጋ ላይ ለተኛ ሽማግሌ ወተት ቢያቀርቡለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አራስ ሴት የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ሳለ ጎረቤት እንዳያያት ተደብቃ ትበላለች። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሕጉን ያላወቁ አይደሉም፤ ጾምን መተው ከማኅበሩ የመለየት ያህል ስለሚከብዳቸው ነው። ስለዚህ በደጉ ዘመንም ቢሆን ሕሙምን እንዲበላ ማስፈቀድ ብቻውን በቂ አልነበረም። አዋቂ የንስሐ አባት የሕሙሙን ጾም በጸሎትና በምጽዋት ለውጦ፣ ኅሊናውን አሳርፎ፣ በእጁ ማጕረስ ነበረበት። ይህ የአባቶች ብልኃት ሊረሳ አይገባውም፤ ወደ ፊት እንደሚታየው ለዛሬውም ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ይገኛል።

ነገሥታቱ ራሳቸው ጾምና መድኃኒት አንዱ የሌላውን ስፍራ እንደማይወስድ በሥራቸው አሳይተዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ዓፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ በሃይማኖታቸው የተመሰገኑ ንጉሥ ነበሩ፤ ጾሙና ጸሎቱ፣ ጸበሉም በእጃቸው ነበረ። ነገር ግን የቆዳ ደዌ በያዛቸው ጊዜ መልእክተኛቸውን ወደ ካይሮ ልከው ሐኪም አስፈለጉ። ሻርል ፖንሴ የሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ በስናር በረሃ በኩል እጅግ የከፋ ነበር፤ ብሬቭዳን የሚባለው ጓደኛው ጎንደር ሊደርሱ ሲሉ በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ግን በ1691 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ጎንደር ገባ። ራሱ እንደ ጻፈው ንጉሡ በሕክምናው ተፈወሱ፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት በክብር ተሰናብቶ ሄደ። ዓፄ ኢያሱ ሐኪም በመጥራታቸው ከጾማቸው አልጐደሉም፤ በመጾማቸውም ሐኪሙን አልናቁም።

ከዚህ በኋላ ሰባ ዓመት ያህል ቈይቶ የሆነው ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምር ነው። በ1762 ዓ.ም. በየካቲት ወር ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ዓፄ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ሚካኤል በዘመቻ ላይ ነበሩ፤ በከተማይቱም ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቍስቋም ግቢ የእቴጌይቱ የልጅ ልጆችና ሌሎችም የመኳንንት ልጆች ታመው ተኝተዋል። ብሩስ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ሕሙማኑን እንዲያድን አስቀድሞ የተጠራው በጾሙ ብዛት ስሙ የተሰማ የዋልድባ መናኝ ነበረ። ዋልድባ እህል የማይቀመስበት፣ መነኮሳቱ ቋርፍ በሚባል የሥራ ሥር ምግብ የሚኖሩበት ገዳም እንደ ሆነ የታወቀ ነው። መናኙም በቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፍ ነበር፤ ጽሕፈቱም ታጥቦ ለሕሙማኑ ይጠጣ ነበር።

ኋላ ብሩስ ሲጠራ የተዘጉትን በሮችና መስኮቶች አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አጠነ፤ በሙቅ ውኃና በኮምጣጤም አሳጠበ። ከሕሙማኑ የሞቱ አሉ፤ የዳኑም አሉ፤ ከዳኑትም አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ አቶ ክንፉ ነው። ብሩስ ይህን ሲጽፍ በመናኙ እየሳቀ ነው፤ አንባቢ ግን ብሩስ ያላስተዋለውን ነገር ልብ ሊለው ይገባል። በዚያ ግቢ ውስጥ ይጾም የነበረው ማን ነው? ፈዋሹ ነው እንጂ ሕሙማኑ አይደሉም። ሕፃናቱ ይድኑ ዘንድ ጾሙ የተፈለገው ከሕፃናቱ አልነበረም፤ ጤነኛው በጾሙ የድውዩን ሸክም ይሸከም ዘንድ ተጠራ እንጂ። የጎንደር ሰው ስለ ጾምና ስለ ፈውስ የነበረው አሳብ በአንድ ቃል ሲጠቀለል ይህ ነው፤ ጾም ስለ ሕሙም ይጾማል እንጂ በሕሙም ላይ አይጫንም።

እርግጥ ሕሙሙም ራሱ ሆዱን ባዶ የሚያደርግበት ጊዜ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ጸበል የሚጠጣው እህል ሳይቀመስ ነው። በመድኃኒት አዋቂዎችም ዘንድ ብዙው ሥርና ቅጠል በጧት በባዶ ሆድ እንዲጠጣ ይታዘዛል። ከዚህ ሁሉ የታወቀው በስሜን ደጋ የሚበቅለው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የሁሉ ደዌ ስለ ሆነ፣ ሰው በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶ የመጠጣት ልማድ ነበረው። የጠጪው ሥርዓት የታወቀ ነው፤ የዛፉ አበባ ደርቆ ይፈጫል፤ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ጠጪው በጧት ምንም ሳይቀምስ ይጠጣዋል፤ መድኃኒቱ ሠርቶ ትሉን እስኪያወጣም ድረስ ከእህል ይከለከላል። ብሩስ ይህን ዛፍ ሥሎ ለአውሮጳ ሊቃውንት አሳውቆታል።

የኮሶ ጠጪ ጾም ግን ከሃይማኖት ጾም ጋር አንድ አይደለም። ይህ ጾም መድኃኒቱ እንዲሠራ የሚደረግ ዝግጅት ነው፤ ቀኑ የተወሰነ ነው፤ በተፈጸመም ጊዜ ሰውየው ወደ ማዕዱ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠን አለው። ለልጅ፣ ለእርጉዝ ሴትና ለደካማ ሰው እንደ ጐልማሳ አይሰጥም። መጠኑ ያለፈ ኮሶ ብርቱ ጉዳት እንደሚያደርስ፣ የዓይንን ብርሃን እስከ መንካት እንደሚደርስም ሐኪሞች ጽፈዋል። ስለዚህ አባቶች በጾምም በመድኃኒትም የጠበቁት አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም ለሰውየው እንደ አቅሙ መመጠን ነው።

ምግብ የሰውን ነርቭ ሊነካ እንደሚችል ደግሞ የጎንደር ምድር ራስዋ በመራራ መንገድ አስተምራለች። በደምቢያና በፎገራ ጥቁር አፈር ጓያ ይዘራል። ጓያ ዝናም ቢቀርበትም ውኃ ቢተኛበትም የሚችል እህል ነው፤ ስለዚህ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ የድኻው መጠጊያ ይሆናል። በጾም ወራትም ሽሮ ሆኖ በገበታ ይቀርባል። በፍሬው ውስጥ ግን ነርቭን የሚጐዳ መርዝ አለበት። ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ በጥቂቱ የሚበላ ሰው ብዙ ጊዜ አይጐዳም፤ ለጥቂት ወራት ያህል ዋና ምግቡ ጓያ ብቻ የሆነበት ሰው ግን አንድ ቀን እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ጅማቱ ይደርቃል፤ ጕልበቶቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ በበትር ይሄዳል፤ የባሰበትም ይዳኻል። የሚበዙት ወጣቶች ወንዶች ናቸው። አእምሮው አይነካም፤ እግሩም አይመለስም።

በ1969 ዓ.ም. ገደማ ይህ ደዌ በደምቢያና በፎገራ እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሰበረ። ኢትዮጵያዊው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ደዌውን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች መርምረው ለዓለም አሳውቀዋል። ከዚያም ወዲህ በተደረጉ ምርመራዎች ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ አደጋውን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ በገበታ ላይ ያለው ነገር እስከ ሕብለ ሠረሠር ድረስ የሚደርስ ኃይል እንዳለው ነው፤ ስለዚህ ምግብና ነርቭ ምን ያገናኛቸዋል ብሎ የባሕር ማዶውን ምርመራ ማፌዝ አይገባም። ሁለተኛው፣ አንድ ምግብ ብቻ እየበሉ መኖር ወይም ያለ መጠን መጐዳት ነርቭን የሚሰብር እንጂ የሚያጸና እንዳልሆነ ነው።

እንግዲህ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው ደዌ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። የሰው ነርቭ እንደ ክር ነው፤ ክሩንም ስብ የመሰለ ልባስ ይሸፍነዋል። መልእክት ከአንጎል ወደ እግርና ወደ እጅ ፈጥኖ የሚደርሰው በዚህ ልባስ ምክንያት ነው። በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው ሰውነቱን ከተውሳክ እንዲጠብቅ የተሠራው የገዛ ዘበኛው ተሳስቶ ይህን ልባስ እንደ ጠላት ይወጋዋል። ልባሱ በተነካበት ስፍራ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው በዓይን ነርቭ ላይ ሲሆን ዓይን ይፈዝዛል፤ በሕብለ ሠረሠር ላይ ሲሆን እግር ይደነዝዛል፤ በሌላም ስፍራ ሲሆን ሰውየው ይንገዳገዳል፤ ሽንቱን መቈጣጠርም ያቅተዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1868 በፓሪስ ከተማ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ደዌውን ለይቶ አስተማረ። ዛሬ በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ያዘው ይገመታል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይይዛል፤ በሰሜን አውሮጳ ይበዛል፤ በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች ያንሳል። በ1993 በአሜሪካ መጀመሪያ ከተፈቀደው ኢንተርፌሮን ወዲህም የደዌውን መነሣት የሚቀንሱ ብዙ መድኃኒቶች ተገኝተዋል፤ ፈጽሞ የሚያጠፋው ግን ገና አልተገኘም።

ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት በሌለበት ሕሙም ሌላ መንገድ መፈለጉ አያስደንቅም። በጀርመን አገር ኦቶ ቡኪንገር የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት ሳለ በ1919 ጾሞ ስለ ተሻለው፣ ከዚያ ወዲህ ሕሙማንን በጾም የሚረዳ ቤት ከፍቶ ነበር። በዘመናችን ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቫልተር ሎንጎ የተባለ ሊቅና ጓደኞቹ በ2016 የምርመራቸውን ውጤት አወጡ። ይህን ደዌ የመሰለ ደዌ ያስያዟቸውን አይጦች በየሳምንቱ ሦስት ቀን ጾም የመሰለ ጥቂት ምግብ እየሰጡ ሦስት ዙር አሳለፏቸው። የሁሉም ሕመም ቀለለ፤ ከመቶው በ20ው ምልክቱ ጨርሶ ጠፋ። በጾሙ ጊዜ የተሳሳቱት የሰውነት ዘበኞች እንደሚሞቱ፣ ምግብ በተመለሰም ጊዜ አዲሶች እንደሚተኩ፣ የነርቡም ልባስ እንደሚታደስ አዩ።

በሰውም ላይ በበርሊን ከተማ ፈተና ተደርጓል። 60 ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል 7 ቀን እጅግ ጥቂት ምግብ ብቻ እየወሰደ ከጾመ በኋላ አትክልትና የወይራ ዘይት የሚበዛበትን የሜዲትራኒያን አገሮች አመጋገብ ያዘ፤ ሁለተኛው ስብ የሚበዛበትን ምግብ ለስድስት ወር በላ፤ ሦስተኛው እንደ ልማዱ ኖረ። የጾሙት ሰዎች ኑሯቸው እንደ ተሻለ ተናገሩ፤ ብርቱ ጉዳትም አልታየባቸውም። በ2018 ደግሞ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ያሉ ሊቃውንት ጾም በአንጀት ውስጥ ያሉትን ረቂቃን ተሕዋስያን እንደሚለውጥና ይህም ለውጥ አይጦቹን ከደዌው እንደ ጠበቀ አሳዩ። በኢራን አገርም በረመዳን የጾሙ፣ ደዌያቸው ያልጸና ሕሙማን በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዳልባሰባቸው ሐኪሞች መስክረዋል።

ይህ ሁሉ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። አይጥ ሰው አይደለም። የበርሊኑም ፈተና በሰው ቍጥር ጥቂት፣ በጊዜም አጭር ነው፤ ሕሙማኑም መጾማቸውን ያውቁ ስለ ነበረ «ተሻለን» ያሉት ከተስፋም ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ሊቃውንት አንዱም ጾም ደዌውን ፈውሷል አላለም፤ መድኃኒት ይተው ብሎም አላዘዘም። የጾማቸውም ዓይነት ከኢትዮጵያ ጾም የተለየ ነው። የእነርሱ ጾም ለጥቂት ቀን ምግብን በሐኪም ትእዛዝ መቀነስ ነው፤ የኢትዮጵያ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ከምግብ ተከልክሎ፣ ከሥጋና ከወተት ርቆ፣ 55 ቀን ድረስ በየወራቱ የሚዘልቅ ነው። የአንዱ ምስክርነት ለሌላው ያለ ምርመራ ሊሰጥ አይቻልም።

ከዚህም የሚከፋ አንድ ወጥመድ አለ፤ እርሱም በደዌው ጠባይ ውስጥ ያለ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ በብዙዎች ዘንድ የሚያገረሽና የሚመለስ ደዌ ነው። ዓይኗ የፈዘዘባት ሴት ምንም መድኃኒት ባትወስድ እንኳ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብርሃኗ ሊመለስላት ይችላል። በነዚያ ሳምንታት ጾማ እንደ ሆነ ጾሙ አዳነኝ ትላለች፤ ሥር ጠጥታ እንደ ሆነ ሥሩ አዳነኝ ትላለች፤ ምንም ሳታደርግ ቀርታ እንደ ሆነ ደግሞ ሕመሙ ከቶ አልነበረም ትላለች። ምስክርነቷ ሐሰት አይደለም፤ የተሻላትም እውነት ነው። ምክንያቱን መፈለጓ ብቻ ተሳስቷል። ደዌው ግን በዝምታ ውስጥ ሆኖ ሥራውን አያቆምም፤ በተመለሰ ቍጥር የሚተወው ጠባሳ እየተደረበ ሄዶ ከዓመታት በኋላ የማይመለስ ስብራት ይሆናል። ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት በዕረፍቱ ጊዜ የጣለ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በኋላ ነው። ጓያ ለሰበረው እግሩ እንደማይመለስለት ሁሉ፣ ለእርሱም ያለፈው አይመለስለትም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሥጋ፣ እንቍላልና ወተት ለረጅም ጊዜ በቀረበት ሰውነት ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ንጥረ ነገር ሊያንስ ይችላል። ይህ ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፣ አካሄድም ይናጋል፤ ሕብለ ሠረሠርም ይጐዳል፤ ምልክቱም መልቲፕል ስክለሮሲስን ይመስላል። ጤነኛው በጾሙ መካከል በሚመጣው የፍስክ ወራት ጕድለቱን ይሞላል። ሕሙሙ ግን ፍስኩን ጨምሮ ልጹም ቢል ለመዳን ብሎ በገባበት መንገድ ሁለተኛ ደዌ ሊጨምር ይችላል። በመርፌ በቀላሉ የሚድነውን ጕድለት የማይድን ደዌ ነው ብሎ መኖርም ሌላ ጥፋት ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ደምን የሚመረምርና የአንጎልን ምስል የሚያነብ ሐኪም ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ሐኪም ለማግኘት ጎንደር እንደ ዓፄ ኢያሱ ዘመን እስከ ካይሮ መላክ አያስፈልጋትም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። ከዚያ የወጡት የጤና መኰንኖች፣ ነርሶችና የጽዳት ባለሙያዎች በቆላ ድባና በሌሎችም መንደሮች እየተሠማሩ አገለገሉ፤ ኮሌጁም አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ወደ መንደር ሲወርዱ በመጀመሪያ ያገኙት የሕዝቡን ጾም፣ ጸበልና ኮሶ ነው። ይህን ንቆ ያስተማረ አልሰመረለትም፤ አክብሮ የጠየቀው ግን ተሰማ።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ከዚህ ጋር የሚስማማ ቃል በቅርቡ ዘመን ሰጥተዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገሩ ሲሰራጭ ጸበል የገቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ትተው ነበር፤ መድኃኒት መውሰድ እምነትን እንደ ማጕደል ይቈጠር ነበርና። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለ ሆኑ እንደማይቃረኑ፣ ሕሙማንም ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ በግልጽ ተናገሩ። ይህ ቃል አዲስ ትምህርት አልነበረም። በኢትዮጵያ መጻሕፍት ቍጥር ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ክብር ያስተምራል፤ ፍትሐ ነገሥትም ሕሙምን ከጾም ፈትቶታል። አዲስ የነበረው፣ የተዘነጋው ነገር በሚሰማበት ሰዓትና በታላቅ አባት አፍ መነገሩ ነው። በዚያም ቃል ምክንያት የሚያፍር ሕሙም ያለ ኀፍረት መድኃኒቱን ለመዋጥ በር ተከፈተለት።

ስለ ጾምና ስለ ነርቭ ደዌም የሚሰጠው መልስ ከዚሁ የተለየ ሊሆን አይችልም። ጾም አንድ ቀን ለዚህ ደዌ የተመሰከረለት ረዳት ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ይመርምሩ። እስከዚያው ግን መጾም የሚፈልግ ሕሙም ሁለት ሰዎችን ይጠይቅ። ሐኪሙ የሰውነቱን አቅም፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና የምግቡን መጠን ይንገረው፤ የንስሐ አባቱ ደግሞ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ይፍታለት። ሁለቱ ተመካክረው ያልፈቀዱትን ጾም በራሱ ላይ የሚጭን ሰው ሕጉንም ጥበቡንም አልያዘም። ቤተሰቡም ከሕሙሙ ፊት ወተቱን ሲያኖሩ እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ ሕግ ፍጻሜ አድርገው ያኑሩለት።

ጾሙ እንዳይቀር የሚያስብ ዘመድ ካለ ደግሞ የጎንደር አባቶች ያሳዩት መንገድ አለ። በቍስቋም ግቢ እንደ ሆነው፣ ጤነኛው ስለ ድውዩ ይጹም፤ ድውዩም በሰላም ይብላ፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይዋጥ።